ጭምብል ለባሾቹ የበርሊን ራፐሮች ከየት መጡ?

ጥያቄው የደረሰኝ ፍራንክፈርት አካባቢ ከምትኖር እናት ነው። በአጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የ15 ዓመት ልጄ ቀኑን ሙሉ የጀርመን ራፕ ነው የሚሰማው። ግድግዳው ላይ የለጠፈው ፖስተር ደግሞ የብር ቀለም ያለው የራስ ቅል ጭምብል ያጠለቀ ሰውዬ ነው። በርሊን ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር በካሴት የጀመረ ነው ይለኛል። እነዚህ ሰዎች እነማን ናቸው? ፊታቸውን የሚሸፍኑት ምን አድርገው ነው? ማንም የማያውቃቸው ልጆች እንዴት አገር ምድሩ አወቃቸው? ልከልክለውስ?»

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው። ፊቱን የሸፈነው ከፖሊስ ለመደበቅ አይደለም። ፖስተሩ ላይ ያለው ሰውዬ ሲዶ ይባላል። የመዝገብ ስሙ ፓውል ቩርዲግ ነው፤ የተወለደው በ1980 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልሽ። ልጅሽ «ጓደኞቹ» የሚላቸው ደግሞ አግሮ በርሊን በሚባል ትንሽ የሙዚቃ አሳታሚ ሥር የተሰባሰቡ ልጆች ናቸው። ስለ ጀርመን ራፕ ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ጥያቄሽ ደግሞ በአጭር የሚመለስ አይደለም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ሐሳቤን ቀድሜ ልንገርሽ። ያ ጭምብል ለእነዚህ ልጆች የሠራላቸው ሥራ ትልልቆቹ ኩባንያዎች በብዙ ገንዘብ የሚያሠሩትን ሥራ ነው። ሰው እንዲያያቸው አደረገ። አይቶም እንዳይረሳቸው። ከዚያ በላይ ደግሞ አንድ እውነተኛ ነገር ከስሩ ደብቆ ነበር። እሱ እስኪወጣ ብዙ ዓመት ፈጅቷል። ወደ ኋላ እመጣበታለሁ።

በርሊኖቹን ለመረዳት ከእነሱ በፊት የነበረውን ማወቅ ያስፈልጋል። የጀርመን ራፕ ስሙ የገነነው በርሊን ላይ አይደለም። በ1992 ከሽቱትጋርት የመጡት ፋንታስቲሽን ፊር በአንድ ቀልደኛ ዘፈን አገሩን አዳረሱት። በዚያው ዓመት ከሃይደልበርግ አድቫንስድ ኬሚስትሪ የሚባል ቡድን ሌላ ዓይነት ዘፈን አወጣ። የጀርመን ፓስፖርት ይዘው በገዛ አገራቸው እንደ ባዕድ ስለሚታዩ ልጆች የሚናገር ነበር። ከዚያ ተራው የሃምቡርግ ሆነ። በ1998 ቤጊነር የሚባሉት ልጆች ትልቅ አልበም አወጡ፤ ትልልቅ ኩባንያዎችም ራፐር ፍለጋ ከተማ ለከተማ ዞሩ። ሽቱትጋርትና ሃምቡርግ ብዙ ፈረሙ። በርሊን ግን ያኔ ከዚህ ድግስ የደረሳት ትንሽ ነው። የበርሊን ልጆች ግጥም ጭካኔ የበዛበት፣ ስድብ የሞላበት ነበር። ቀረጻው ሻካራ ነው። ሬዲዮ አያጫውተውም።

እነሱም ሬዲዮውን አልጠበቁም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ክሮይትስበርግ በሚባለው የበርሊን ሰፈር ሮያል ቡንከር የሚባል ቤት ነበር። ልጆቹ እዚያ ተሰብስበው ማይክ እየተቀባበሉ ሳይዘጋጁ ይራፑ ነበር፤ ፍሪስታይል የሚሉት ማለት ነው። አንዱ ሌላውን በግጥም ካላሸነፈ አይወርድም። ማርኩስ ሽታይገር የሚባል ሰው የቤቱን ስም ይዞ በ1998 አሳታሚ አደረገው። ኩል ሳቫሽ የሚባለው ራፐር የመጣው ከዚህ ሰፈር ነው። አባቱ ቱርክ፣ እናቱ ጀርመን ናቸው። ታክትሎስ ከሚባል ጓደኛው ጋር ያወጧቸው ካሴቶችና ሲዲዎች በርሊንን አልፈው ወጡ። ባስቦክስ የሚባል ሌላ ስብስብም ነበር። እሱ ጭራሽ ጨለማ የሆነ፣ አንዳንዴ አስፈሪ ድምፅ ያለው ራፕ ነበር የሚያወጣው።

አሠራራቸውን ልብ በይ። ቤት ውስጥ ይቀረጻል። ካሴት ላይ ይገለበጣል። ሽፋኑ በፎቶ ኮፒ ይባዛል። ከዚያ በእጅ ይሸጣል፣ ወይም አንድ ሁለት የሚያምኗቸው ሱቆች ይቀመጣል። የሰማው ለጓደኛው ይገለብጥለታል። የራፐሩን ድምፅ አገር ያውቀዋል፤ ፊቱን ግን ያየው ሰው ጥቂት ነው። ይህ ለእነሱ አዲስ ነገር አልነበረም። ብዙዎቹ ከግራፊቲ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው። ግራፊቲ ላይ ስምሽ ባቡሩ ሁሉ ላይ ይጻፋል፣ አንቺ ግን አትታይም። ከታየሽ ፖሊስ ጣቢያ ነሽ። ስም ገንኖ ፊት መደበቁ በርሊን ውስጥ ከጭምብሉ በፊት የነበረ ልማድ ነው። ስለ ሲዶ ጭምብል ሲወራ ብዙ ሰው ይህን ይዘላል፤ ለእኔ ግን ነገሩ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ሲዶም የመጣው ከዚህ ነው። ቢ-ታይት ከሚባለው ጓደኛው ጋር ሆነው በ1990ዎቹ መጨረሻ ሮያል ቲኤስ በሚል ስም በሮያል ቡንከር በኩል ሙዚቃ አወጡ። ቢ-ታይት አሜሪካ፣ ካሊፎርኒያ የተወለደ ጥቁር ጀርመናዊ ነው። ሁለቱም ያደጉት ሜርኪሸስ ፊርተል የሚባል ሰፈር ነው።

ስለዚህ ሰፈር ትንሽ ልበልሽ፤ ያለ እሱ ጭምብሉም ትርጉም የለውም። በሰሜን በርሊን፣ ራይኒከንዶርፍ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው ያለው። ከ1963 እስከ 1974 ድረስ የተሠራ ነው። ወደ 17,000 የሚጠጉ ቤቶች አሉት። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ኮንዶሚኒየም ሳይቱን ቢያስብ ቅርብ ነው፤ ሕንጻው ግን እጅግ ረጃጅም ነው፣ ቤቱም የኪራይ ነው። ሲጀመር ለሠራተኛው ዘመናዊ ቤት ተብሎ ነበር የታቀደው። ሙቅ ውሃ አለው፣ ማሞቂያ አለው፣ ብርሃን አለው። ግን ሰው ቶሎ ገባበት፤ ሱቁና ትምህርት ቤቱ፣ መጓጓዣውና መጫወቻው እኩል አልደረሰለትም። ከተማዋን ምሥራቅና ምዕራብ አድርጎ የከፈለው የበርሊን ግንብም ከሰፈሩ ጎን ነበር የሚያልፈው። ስለዚህ ሰፈሩ ከምዕራብ በርሊን ጫፍ ላይ የቀረ ሆነ፤ ጋዜጣውም ገና ከጅምሩ ስሙን በክፉ አነሳው። እዚያ ነው የምኖረው ማለት ሥራ ለሚፈልግ ሰው እንቅፋት የሆነበት ጊዜ ነበር።

አግሮ በርሊን የተመሠረተው በ2001 ነው። መሥራቾቹ ሦስት ናቸው፤ ስፔክተር፣ ሽፓይሸና ሃሊል። ስፔክተር የግራፊቲ ሰው ነው፤ የሥዕልና የዲዛይን ዓይን አለው። እንደ እኔ ግምት የስብስቡ ትልቁ ጥበብ ከዚህ ሰውዬ ዓይን የመጣ ነው። አርማቸው ክብ የመጋዝ ምላጭ ነው፤ ጥርስ ያለው፣ የሚቆርጥ። ካፖርት ላይ ሲታተም ከመንገድ ማዶ ይታያል። ያኔ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከራፕ እየሸሹ ነበር። ብዙ ፈርመው ብዙ ከስረዋል፤ ሰዉም ሙዚቃውን ከኢንተርኔት በነፃ ማውረድ ጀምሯል። እነ ስፔክተር ግን የሚከስሩት ብዙ ነገር አልነበራቸውም። ቀረጻው ርካሽ ነው፣ ሲዲውን የሚያከፋፍልላቸው ግሩቭ አታክ የሚባል የኮሎኝ ድርጅት ነው፣ ውሳኔው በእጃቸው ነው።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ራፐር አንድ መልክ ሰጡት። ቡሺዶ ቀዝቃዛው፣ ጥቁር የለበሰው የቴምፕልሆፍ ሰፈር ልጅ ሆነ። አባቱ ቱኒዝያዊ ናቸው። ፍለር በዙሪያው ካሉት የስደተኛ ልጆች መካከል «ጀርመኑ» ሆነ። ቢ-ታይት በቆዳው ቀለም ላይ የሚወረወረውን ስድብ መልሶ ራሱ አነገበው፤ ይህን ብዙ ጥቁር ጀርመናውያን አጥብቀው ተቃውመውታል፤ እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ሲዶ ደግሞ ጭምብሉን አጠለቀ።

ጭምብሉን ቀረብ ብለሽ እዪው። የብር ቀለም ያለው፣ እንደ መኪና መከላከያ የሚያብለጨልጭ የራስ ቅል ነው። ጥርሶቹ ተገጥግጠዋል። የዓይኑ ቀዳዳ ጥልቅ ነው፣ ከውስጥ ዓይን መኖሩ በደንብ አይታይም። ከሱ በታች ያለው ግን ተራ ነገር ነው፤ ሰፊ ሱሪ፣ ካፖርት፣ ስኒከር። ራስ ቅሉ ሞት ነው፤ ልብሱ ደግሞ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የምታዪው የሰፈር ልጅ ነው። ሁለቱ አብረው ሲመጡ ነው ዓይን የሚይዙት። ትንሽ ልጅ በደብተሩ ጀርባ በእስክርቢቶ ሊስለው ይችላል። ፖስተር ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ መጽሔት ሽፋን ላይ አንዴ ያየው ሁለተኛ ሲያየው ያውቀዋል። ስሙን የማያውቅ እንኳ «ያ ጭምብል ያለው» ይላል። ያለ ማስታወቂያ በጀት ይህን ማግኘት ቀላል ነገር አይደለም።

ጀርመን ውስጥ ፊትን መሸፈን ሌላም ትርጉም አለው። ከ1985 ጀምሮ በሰልፍ ላይ ፊትን መሸፈን በሕግ ክልክል ነው። ክሮይትስበርግ ደግሞ በ1987 የሜይ ዴይ ዕለት የነደደ ሰፈር ነው፤ ፊታቸውን የሸፈኑ ወጣቶችና ፖሊስ ሌሊቱን ሲዋጉ ያደሩበት። ስለዚህ አንድ የበርሊን ልጅ ፊቱን ሸፍኖ ቴሌቪዥን ላይ ሲወጣ ልጁ ገና አፉን ሳይከፍት ተመልካቹ አንድ ነገር ያስባል። ይህን ፍርሃት እነሱ በደንብ ያውቁት ነበር። ተጠቀሙበትም።

በ2004 ጸደይ የሲዶ የመጀመሪያ የብቻ አልበም ወጣ። ርዕሱም ያው «ማስከ» ነው፤ ጭምብል። ከአልበሙ ሁሉንም የለወጠው «ማይን ብሎክ» የተባለው ዘፈን ነው። የኔ ሕንጻ ማለቱ ነው። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው። ሰውዬው ባለ 16 ፎቅ ሕንጻውን ፎቅ በፎቅ ያስጎበኛል። እዚህ ፎቅ እገሌ አለ፣ ይህን ይሸጣል፤ እዚያ ፎቅ እገሊት አለች፣ እንዲህ ታደርጋለች። ጎረቤት ሁሉ በተራ ይመጣል። ጸያፍ ነው፣ ያስቃል፣ ያሳዝናል። በዚያ ላይ ሰውዬው በሰፈሩ አያፍርም። ጋዜጣው ሲያሳፍርበት የኖረውን ሰፈር እንደ ርስቱ ይቆጥረዋል። በቪዲዮው ያ ብርማ ራስ ቅል በእነዚያ ረጃጅም ሕንጻዎች መካከል ይንጎራደዳል። ሙዚቃ ቻናሎቹ መጀመሪያ ተጠራጠሩ፤ በኋላ ግን ደጋግመው አጫወቱት። ሕዝቡ እየጠየቀ ምን ያድርጉ?

አልበሙ ወርቅ ተሸለመ። ወርቅ ማለት በዚያን ጊዜ ጀርመን ውስጥ 100,000 ቅጂ ማለት ነው። ከትልቅ ኩባንያ ውጪ ለሚሠራ የራፕ አሳታሚ ይህ ያልታሰበ ነበር። ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ ካሴት በእጁ ይሸጥ ለነበረ ልጅማ ምን ትያለሽ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረግጥ። ሰው ስለ ሲዶ ሲያወራ ጭምብሉ ብቻውን ያነሳው ይመስለዋል። አልነበረም። ጭምብል ያጠለቁ ብዙ ራፐሮች መጥተው ሄደዋል፤ ማንም አያስታውሳቸውም። የአግሮ ብልሃት ጭምብሉን፣ ሰፈሩን፣ አርማውንና ስብስቡን አንድ ላይ ማሰሩ ነው። አንዱን ያወቀ አራቱን ያውቃል። በጋራ የሚያወጧቸው አልበሞች ነበሯቸው፤ የአንዱ አድናቂ ሌላውን የሚተዋወቀው እዚያ ላይ ነው። ሲዲ የገዛ ልጅ ዘፈን ብቻ አልነበረም የሚገዛው፣ የአንድ ወገን አባል ይሆናል። እናቶችን ያስደነገጠውም፣ ልጆችን የሳበውም ይኸው ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ቅድም ወዳቆየሁት ልምጣ። በ2005 መጀመሪያ የጀርመን ክፍለ ሀገሮች የሚወዳደሩበት የቴሌቪዥን የዘፈን ውድድር ተጀመረ። ሲዶ በርሊንን ወክሎ ገባ። ዘፈኑ እናቱ እንደምትኮራበት የሚናገር ነበር። መድረኩ ላይ ጭምብሉን አወለቀ። ከስሩ ምን ወጣ? ዕድሜው በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ፣ መነጽር ያደረገ ተራ ወጣት። አንዳንዱ አድናቂ ተከፋ። እኔ ግን ትክክለኛ ጊዜ ነበር እላለሁ። ጭምብሉ ሥራውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ ሰውየው ራሱ መቆም ነበረበት። ቆመም።

ሆኖም የተደበቀው ነገር ያን ቀን አልወጣም። ሲዶ ሁልጊዜ ምዕራብ በርሊን ነኝ ይል ነበር። በ2009፣ ግንቡ የፈረሰበት 20ኛ ዓመት ሲከበር፣ «ሃይ ዱ» የሚል ዘፈን አወጣና እውነቱን ተናገረ። የተወለደው ምሥራቅ በርሊን ነው፤ በኮሚኒስቱ መንግሥት ዘመን። እናቱ በ1988 ልጆቿን ይዛ ወደ ምዕራብ ተሻገረች፤ ግንቡ ሊፈርስ አንድ ዓመት ሲቀረው ማለት ነው። መጀመሪያ የገቡት የስደተኞች መጠለያ ነው። ምሥራቅ መወለዱን የተናገረ ልጅ በሌሎቹ ልጆች ይሳለቅበታል፣ ይደበደባል። እሱም ዝም ማለትን ተማረ። ያ ዝምታ ጭምብሉ ከወለቀ በኋላ እንኳ ዓመታት ቆየ።

ይህን ስሰማ ስለ እሱ ያለኝ አመለካከት ተለውጧል። በመጠለያ ያለፉ ብዙ የኛ ሰዎችም ይህን ታሪክ ማስረዳት አያስፈልጋቸውም። ከየት መጣህ ሲባሉ ግማሹን ብቻ መመለስ፣ ዘዬን መቀየር፣ ትምህርት ቤት ስለ ቤት አለማውራት። ጀርመናዊ ሆኖ፣ ጀርመንኛ እየተናገረ፣ ከአንዱ የከተማ ጫፍ ወደ ሌላው የሄደ ልጅ ይህን ሁሉ ማለፉ ይገርማል። ሜርኪሸስ ፊርተልን ያን ያህል አጥብቆ የኔ ማለቱም ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ሌላ የኔ የሚለው አልነበረውም። በ2010 የሙዚቃ ቴሌቪዥኑ ኤምቲቪ የሚያዘጋጀውን፣ ያለ ኤሌክትሪክ መሣሪያ የሚቀርበውን ታዋቂ ኮንሰርት የሠራው እዚያው ሰፈሩ ውስጥ ነው።

ስብስቡ ግን እስከዚያ አልቆየም። ቡሺዶ ገና በ2004 ተጣልቶ ወጣ፤ የራሱን አሳታሚ ይዞ ከትልቅ ኩባንያ ጋር ሠራ፤ ከቀድሞ ወንድሞቹም ጋር ለዓመታት በዘፈን ተሰዳደበ። ምክንያቱ ያው የተለመደው ነው፤ ገንዘብና ውል። በድህነት አብሮ መሥራት ከባድ አይደለም፣ ሲከፈል ነው ማን ስንት የሚለው የሚነሳው። አግሮ በርሊን በኤፕሪል 2009 በሩን ዘጋ። ቡሺዶና ሲዶ በ2011 ታርቀው አንድ አልበም አብረው ሠሩ፤ ልጅሽ ሳያስሰማሽ አይቀርም።

ክፉውን ጎን ሳላነሳ ብቀር ልክ አይደለም። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ሴትን የሚያዋርድ ብዙ ነገር አለ። ግብረ ሰዶማውያንን የሚሰድብም አለ፤ በ2007 ከስብስቡ አንዱ በዚህ ጉዳይ አሰቃቂ ዘፈን አውጥቶ አሳታሚው ራሱ አሰናብቶታል። የፍለር አልበም በ2005 ሲወጣ ደግሞ ማስታወቂያው ሂትለር ፖላንድን በወረረበት ዕለት በተናገረው ቃል ላይ የተቀለደ ነበር። ይህን የግብይት ብልሃት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ሰው ያስቆጣል ብለው አስበው ነው ያደረጉት፤ ያስቆጣውም ሰው መቆጣቱ ልክ ነበር። ብልህ ዓይን ያለው ስፔክተር ምን ያህል ርቆ መሄድ እንዳለበት አያውቅም ነበር ብዬ ነው የማምነው።

መንግሥትስ ምን አደረገ? ጀርመን ለወጣቶች ጎጂ የሆኑ ሥራዎችን የሚመዘግብ መሥሪያ ቤት አላት፣ ቦን ከተማ ላይ። የአግሮ በርካታ ሥራዎች እዚህ መዝገብ ገብተዋል። መዝገብ የገባ ሲዲ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሸጥም፣ ሱቅ ውስጥ ለዕይታ አይቀመጥም፣ ማስታወቂያ አይሠራለትም። ምዝገባው ካልታደሰ ከ25 ዓመት በኋላ ይወርዳል። ውጤቱ ግን የታሰበው ብቻ አልሆነም። ሽያጩን ጎድቷል፣ እውነት ነው። ልጆቹ ግን የተከለከለውን ፍለጋ ወጡ፤ ጭምብሉም ይበልጥ ገነነ። ያኔ ቅጂ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ማን ይቆጣጠረዋል።

ከዚያ ወዲህ ጭምብል በጀርመን ራፕ እንደ ልብስ ሆነ፤ ትርጉሙ ግን ተቀየረ። ማርቴሪያ የተባለው የሮስቶክ ልጅ ማርሲሞቶ የሚባል ሁለተኛ ሰው ፈጠረ፤ አረንጓዴ ጭምብል ያጠልቃል፣ ድምፁንም ያቀጥነዋል። የዛርብሩከኖቹ ጌኔቲክ ፊታቸውን ሳያሳዩ በ2013 በጀርመን የአልበም ሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኑ። እነሱ ለእኔ የአግሮን መንፈስ ይበልጥ የያዙ ናቸው፤ ጨለማው አለ፣ ምሥጢሩም አለ። ክሮ ግን ሌላ ነው። የሽቱትጋርት ልጅ ነው፣ ስሙ የገነነው በፓንዳ ጭምብል ነው። በ2012 የመጀመሪያ አልበሙ አንደኛ ወጣ። ፓንዳ ማንንም አያስፈራም። የአስር ዓመት ልጅ ከእናቱ ጋር ኮንሰርቱ ላይ ሊገኝ ይችላል። ክሮ ጭምብሉን የሚፈልገው ሱፐርማርኬት ገብቶ ወተት ለመግዛት ነው፤ ዝነኛ ሆኖ በሰላም ለመኖር። ሲዶ እንዲታይ ነበር የለበሰው፣ ክሮ ግን ጭምብሉን አውልቆ ማንም ሳያውቀው እንዲሄድ። አሁን ደግሞ የበርሊኑ ስኪ አጉ የበረዶ ሸርተቴ መነጽር አድርጎ ይዘፍናል፤ በ2023 አንደኛ ወጥቷል። እሱ ጨዋታ ነው፣ ሌላ አልጨምርበትም።

የኛ ልጆች በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ከጥንት ጀምሮ መኖራቸውን ግን ልጅሽ ማወቅ አለበት። አፍሮብ የሚባለው የሽቱትጋርት ራፐር ወላጆቹ ኤርትራውያን ናቸው። በ1999 አገሩን ያነቃነቀ ዘፈን ነበረው። በ2000 ደሳው ከተማ ውስጥ አልቤርቶ አድሪያኖ የተባለ የሞዛምቢክ ተወላጅ በኒዮናዚዎች ተደብድቦ ሲገደል፣ ጥቁር ጀርመናውያን አርቲስቶች ብራዘርስ ኪፐርስ የሚል ኅብረት መሠረቱ። በ2001 በስሙ መታሰቢያ ዘፈን አወጡ። አፍሮብም ከእነሱ ጋር ነበር። ጭምብል አላደረጉም፤ ፊታቸውን እያሳዩ፣ ስማቸውን እየጠሩ ነው የተናገሩት። ከዚያ በኋላ ደግሞ ኑራ መጣች። እናቷ ኤርትራዊት ናት፤ ኩዌት ተወልዳ በስደት ጀርመን ገባች፤ ዩዩ ከምትባል ጓደኛዋ ጋር በርሊን ውስጥ የወንዶቹን ጸያፍ አፍ መልሰው ለወንዶቹ ሰጧቸው። የእሷም ግጥም ለ15 ዓመት ልጅ የሚመች አይደለም። ግን እነ አግሮ ለዓመታት ሲሰድቧት የኖረችው ሴት መጨረሻ ላይ ማይኩን ስትይዝ ምን እንደምትል ከእሷ ይሰማል።

ልከልክለው ወዳልሽው ልምጣ። በእኔ በኩል አልከለክለውም። ከልክለሽም አይሳካልሽም፤ ስልኩ ላይ አለ። የተመዘገቡት ሥራዎች ላይ ግን ጽኚ። ሕጉ ከአንቺ ጋር ነው። ሙዚቃ የሚያሰማው አፕሊኬሽን ላይ ለአዋቂ ብቻ የሆኑ ዘፈኖችን መዝጊያ ቅንብር አለ፤ የቤተሰብ አካውንት ካላችሁ ከአንቺ ስልክ ይዘጋል። ሁሉንም አይይዝም፣ ብዙውን ግን ይይዛል።

ከዚያ ውጪ አብረሽው ስሚ። አንድ ዘፈን ምረጥና ቁጭ ብለህ አስረዳኝ በዪው። ግጥሙ ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሴትን የሚሰድብ ቦታ ሲደርስ አትለፊው፤ «ይህን ለእህትህ ብለው ምን ትላለህ?» ብለሽ ጠይቂው። ልጅ ቁጣን እንጂ ጥያቄን አይሸሽም። እኔ ብሆን የምጀምረው በ«ሃይ ዱ» ነው። ስድብ የለበትም ማለት ይቻላል፣ ጀርመንኛውም ቀላል ነው። ምሥራቅ ተወልዶ ምዕራብ መጠለያ ስለገባ ልጅ የሚናገር ነው። ፖስተሩ ላይ ያለው ሰው እዚያ ዘፈን ውስጥ ነው በደንብ የሚታወቀው። ቀጥሎ «ማይን ብሎክ»ን ስሙ፤ እሱ ላይ ጸያፍ ቃል አለ፣ ተዘጋጂ። ከሁለቱ በኋላ አፍሮብንና እነዚያን በ2001 የተሰባሰቡትን አሰሚው። እነሱን ምናልባት እሱም አያውቃቸው ይሆናል።